የዲሽ ዳስ

ይህች ከተማ በሁለት ኮረብታዎች መሐል፣ በአንድ ጥልቅ ገደል ዳር ትገኛለች። ኮረብታዎቹ የትኞቹ እንደሆኑ የሚያውቅ ያውቃል፤ የማያውቅም ብዙ አይቀርበትም። የምነግራችሁ ስለ ሕጓ ነው።

በዚያች ከተማ የተበላሸ ዕቃ እንዲሁ አይጣልም። ይጠየቃል።

ሬድዮ መዝፈን ሲያቆም፣ ካውያ መሞቅ እምቢ ሲል፣ ባለቤቱ ለጠያቂዎች ቤት ያመለክታል። ጠያቂው ነጭ ጓንት አጥልቆ፣ በርጩማውን በብብቱ ይዞ ይመጣል። በርጩማውን ከዕቃው ፊት ያኖራል፣ ይቀመጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ቆሞ የጠየቀ ጠያቂ አልጠየቀም፤ ሕጉ እንዲህ ይላል። ከዚያ "ካውያ ሆይ፣ ሥራህ ምንድን ነው?" ይላል። ሦስት ጊዜ። ካውያው ከሞቀ መለሰ ይባላል። ካልሞቀ ጠያቂው ከኪሱ ቢጫ ጥብጣብ አውጥቶ ያስርበታል። ሞቷል ማለት ነው። የገደል ሠራተኞች መጥተው ይወስዱትና ወደ ታች ይለቁታል።

ልቅሶም አለው። ለማንቆርቆሪያ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ ያልፋል። ለስፌት መኪና ቁጭ ይባላል፣ ንፍሮ ይቀርባል። ለፍሪጅና ከፍሪጅ በላይ ለሆነ ዕቃ ድንኳን ይተከላል። አንዲት ሴትዮ ፍሪጇ ትንሽ ነው ተብላ ድንኳን ስለተከለከለች፣ ከጠያቂዎች ቤት ጋር ስትከራከር ነው ያረጀችው።

ሕጉ ከየት መጣ ቢሉ፣ ድሮ አንድ ንጉሥ በእንግዶች ፊት እግሩ የላላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደቀ ይላሉ። ሕጉን ያወጣው ከወለሉ ሳይነሣ ነው። ትንሽ ጠመም ማለቱም ለዚህ ነው፤ በጀርባ ተጋድሞ የተነገረ ሕግ ነውና።

*

መጀመሪያ የሚጠየቀው ዕቃ ብቻ ነበር። ቀጥሎ አጥር ተጠየቀ፤ ያዘመመ አጥር መልስ የለውም። ቀጥሎ ፍሬ የማይሰጥ ዛፍ። አንድ ሰው በስብሰባ መሐል እጁን አውጥቶ "ከዛፍ ቀጥሎ ምን ሊመጣ ነው?" አለ።

እሱ ተጠየቀ።

ከዚያ ወዲህ ሰውም ይጠየቃል። ማንም በክፉ አልተያዘም፤ ይህን መናገር ያስፈልጋል። መልስ ያጣ ሰው ጥብጣቡ በአንጓው ላይ ይታሰርለታል፣ ሻንጣውን ይይዛል፣ በገደሉ ድልድይ ተሻግሮ ማዶ ይሰፍራል። የማዶ ቤቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ሾርባ በሰዓቱ ይመጣል። ግድግዳው በየዓመቱ ይቀባል። ጓሮ ግን የለም። መመለስም የለም።

ለሄደው ሰው ጎረቤት ድንኳን አይተክልም። ሕጉ ስለ ፍሪጅ እንጂ ስለ ሰው ያለው ነገር የለም።

*

ደባልቄ የሚባል ሹፌር ነበር። ከኮረብታው ሥር ተነሥታ፣ በገበያውና በጠበሉ በኩል ተጠማዝዛ፣ ገደሉ ዳር የምትደርስ ቀይ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። አንድ ጊዜ መንገዱ ተጠየቀ። ጠማማ ነው ተባለ፤ መልስ አልነበረውም። በምትኩ ቀጥ ያለ መንገድ ተሠራ። ቀጥ ያለው መንገድ ቀይ አውቶቡስ አላስፈለገውም፤ አውቶቡሷም ተጠይቃ ገደል ገባች። ትልቅ ድንኳን ተተክሎላት ነበር። ተሳፍረውባት የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ አለቀሱ።

ደባልቄ ጓሮው ውስጥ ቀረ። ሰው የሚጠየቀው ክረምት ሊገባ ሲል ነው፤ የዚያን ዓመት የእሱም ስም ተጠራ።

"ስማ፣" አለችው ሚስቱ አመለወርቅ፣ "ሹፌር ሆይ ሥራህ ምንድን ነው ሲሉህ ምን ልትል ነው?"

"ሹፌር ነኝ እላለኋ።"

"የምትነዳው ምንድን ነው? እኔን?"

"አንቺን መንዳትማ ለማን ተችሎ።"

አልሳቀችም። ማዶ የሚሻገረው የተጠየቀው ሰው ብቻ ነው፤ ሚስት ለራሷ ትጠየቃለች። አመለወርቅ ልብስ ሰፊ ናት፤ መልስ አላት። እሱ ቢሻገር እሷ ትቀራለች። ከተጋቡ ጀምሮ አንድም ሌሊት ተለያይተው አድረው አያውቁም።

*

ሕጉ ያልከለከለው አንድ ነገር ነበር። ሰው ይመኘዋል ብሎ ማንም ስላላሰበ ነው ያልከለከለው፦ ገደል ወርዶ የሞተ ዕቃ ይዞ መውጣት።

ደባልቄ መጀመሪያ የወረደው አውቶቡሱን ሊያይ ነበር። ሲመለስ የኋላ ወንበሯን በጀርባው አዝሏል።

"ምንድን ነው እሱ?"

"መቀመጫ።"

"የሞተ መቀመጫ ቤቴ ይዘህ መጣህ?"

"እስቲ ተቀመጪበት።"

ተቀመጠች። ትንሽ አነጠራት። ሞቶ አልመሰላትም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይወርድ ጀመር። የድሮ ቴሌቪዥኖችን፣ እነዚያን የእንጨት ሣጥን ያላቸውን፣ ሆድ ዕቃቸውን አውጥቶ፣ በመስተዋቱ ፋንታ ወንፊት ወጥሮ የዶሮ ቤት አደረጋቸው። የመታጠቢያ ገንዳ በቁሙ ለሁለት ሰንጥቆ ጀርባ የሚያስደግፍ ወንበር ሠራ። ብስክሌት ሲረገጥ ከጉድጓዱ ውኃ የሚቀዱ፣ በሰንሰለት ላይ የተሰለፉ ጭልፋዎችን አበጀ፤ ጭልፋዎቹ ግማሹን ውኃ ለጎመኑ፣ ግማሹን ለጋላቢው ያፈስሳሉ። አጥራቸው ያኔ ተጠይቆ ስለፈረሰ፣ በቦታው የመኪና በሮች ደረደረ። በሮቹ መስኮት አላቸው፤ መስኮቶቹ በእጅ ይዞራሉ። ጎረቤታቸው ዘነቡ ጨው ስትፈልግ መስኮቷን ዝቅ፣ ስትጣላ ከፍ ታደርጋለች። ተጣልታ ሳለች ወሬው ከጣማት ደግሞ ጣት የምታሾልክ ክፍተት ትተዋለች።

"ሰው ባል ያገባል፤" ትላለች አመለወርቅ በዚያ ክፍተት በኩል፣ "እኔ ጋራዥ አገባሁ።"

"ተመስገን በይ። የእኔው ሰውዬ በር እንኳ መዝጋት አያውቅም።"

አመሻሽ ላይ የሠፈሩ ሰው በአውቶቡስ ወንበሩና በገንዳው ላይ ተደርድሮ የዶሮውን ቤት ያያል።

"ዛሬ ምን አለ?"

"ዶሮ።"

"ትናንትም ዶሮ ነበር!"

"ተከታታይ ነው ባክህ። ትናንት ያኮረፈችው ዛሬ ትታረቃለች ተብሏል።"

"ድምፁን ቀንሱልኝ፣" ትላለች ዘነቡ፣ "ያ አውራ ዶሮ ሲጮህ ራሴን ያመኛል።"

*

እንዲህ ዓይነት ጓሮ ተደብቆ አይኖርም። ወሬው ጠያቂዎች ቤት ደረሰና ልሳኑ የሚባለው ተላከ።

ልሳኑ ወጣት ጠያቂ ነው፤ ጓንቱን ራሱ ያጥባል። ከሕጉ ቃል አይጨምርም፣ አይቀንስም። ክፋት የለበትም፤ የእናቱን ካውያ እንኳ ራሱ ጠይቆ ራሱ ነው ጥብጣብ ያሰረበት።

በርጩማውን ከዶሮዎቹ ፊት አኖረ። "ቴሌቪዥን ሆይ፣ ሥራህ ምንድን ነው?"

ከውስጥ አንዲት ዶሮ አሽካካች። ወዲያውም እንቁላል ጣለች።

ልሳኑ አሰበ። ሕጉ ዕቃው ይመልስ ይላል እንጂ ምን ብሎ እንደሚመልስ አይወስንም። "መልሷል፣" አለና በርጩማውን ወደ አጥሩ አዞረ። "የመኪና በር ሆይ፣ ሥራህ ምንድን ነው?"

መስኮቱ እየተንቋቋ ወረደ። "አቤት!" አለች ዘነቡ። "ምን ፈለግህ ወንድሜ?"

"እ… እርስዎን አይደለም።"

"በሬ ላይ ተቀምጠህ እየጮህክ እኔን አይደለም ትላለህ?" መስኮቱን እስከ ጥግ ዘጋችበት።

"ይሄም መልሷል፣" አለ ልሳኑ፤ ጆሮው ትንሽ ቀልቷል።

ሊወጣ ሲል ወደ ደባልቄ ዞረ። "ዕቃዎቹ አልፈዋል ጋሽ ደባልቄ። እርስዎን ግን ቅዳሜ እጠይቃለሁ።"

"ምን ይዤ ልጠብቅህ?"

"መልስ ብቻ።"

"ሻይ ትጠጣለህ?"

"ሥራ ላይ ሆኜ አልጠጣም።"

*

ልሳኑ እንደወጣ የዘነቡ መስኮት ወረደ።

"መሪ ግጠም!" አለች። "አውቶቡስ ወንበሩ ላይ መሪ ግጠምና ቅዳሜ ሲመጣ ቡ… ቡ… እያልክ አዙር። ዶሮዋን ያሳለፈ አንተን ሊጥል ነው?"

"እውነቷን ነው፣" አለች አመለወርቅ። ዓይኗ በተስፋ በርቷል። "ደባልቄ፣ መሪ ገደል ውስጥ አይጠፋም።"

"መሪማ ሞልቷል።"

"ታዲያ?"

"ዶሮዋ እኮ አልዋሸችም። እንቁላል ጣለች እንጂ ቴሌቪዥን ነኝ አላለችም። እኔ ያልነዳሁትን ነዳሁ አልልም።"

አመለወርቅ ብድግ አለች። "እንግዲያው ሂድ! ማዶ ሂድና እውነትህን ከሾርባቸው ጋር ማግ!"

ገብታ በሩን ወረወረችው። የስፌት መኪናዋ እስኪመሽ ድረስ እንደ ወፍጮ ጮኸ። ዘነቡ መስኮቷን ቀስ ብላ ዘጋች፤ ክፍተትም አልተወች።

*

በማግስቱ ደባልቄ ዲሽ ያወጣ ጀመር።

ስለ ዲሾቹ የሆነው ይህ ነው። ከዚያ በፊት በከተማዋ ጣሪያ ሁሉ ላይ ዲሽ ነበረ፤ ሰው ከኮረብታዎቹ ባሻገር የሚወራውን ያይ ነበር። አንድ ጠዋት ሁሉም ምስል ማምጣት አቆሙ። በዚያው ቀን ተጠየቁ፤ ዝም አሉ፤ ገደል ገቡ። ዝም ያሰኛቸው ማን እንደሆነ አልተጠየቀም።

ደባልቄ ዝገታቸውን ፍቆ፣ በጀርባቸው ገልብጦ፣ አንዱን ባንዱ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ደራረባቸው። አንድ ረጅም የመብራት እንጨትም እየጎተተ አመጣ።

አመለወርቅ ሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው መቀሷን እንደያዘች ወጣች።

"ይሄ ደግሞ ምን ሊሆን ነው?"

"ዳስ። መሐሉ ላይ ምሰሶ፣ ከላይ ዲሾቹ። ክረምት ሲገባ ቤት ውስጥ ጨለመብኝ ትዪ የለ? መኪናሽን ሥሩ ታወጪና ጓሮ ሆነሽ ትሰፊያለሽ።"

"አንተስ?"

"እኔ ድምፁን እሰማለሁ። ዝናብ ዲሽ ሲመታ ማዶ ድረስ ይሰማል።"

አመለወርቅ መቀሱን መቀነቷ ውስጥ ሻጠችና መሰላሉን ያዘችለት።

*

አሁን ከሕጉ የሚበልጥ ዕድሜ ያለውን ልማድ ልንገራችሁ። በዚያች ከተማ ምሰሶ ሲቆም ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እጁን ያሳርፍበታል። ወዳጅም ቢሆን፣ ጠላትም ቢሆን፣ መንገድ ጠፍቶት የገባም ቢሆን። ምሰሶ ሲቆም የተቀመጠ ሰው ቤቱ እንዲወድቅ ተመኝቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው እናቱም ደፍራ አትስመውም።

ቅዳሜ ልሳኑ ሲመጣ ምሰሶው በግማሽ ተነሥቷል። ደባልቄ ከሥሩ ትከሻውን ሰጥቷል፤ ከንፈሮቹ መሐል ምስማሮች ይዟል። አመለወርቅ ገመድ ትስባለች። ዘነቡና ባሏ በወዲያ በኩል በባላ እንጨት ይገፋሉ።

ልሳኑ በርጩማውን የሚያኖርበት ሜዳ ቦታ ፈለገ። "ሹፌር ሆይ…"

"እንዳትቀመጥ!" ጮኸች ዘነቡ። "ምሰሶ እየቆመ ነው!"

ልሳኑ ጉልበቱን አጥፎ፣ ሳይቀመጥ ሳይቆም ቀረ።

"ካልተቀመጥኩ መጠየቅ አልችልም፣" አለ።

"እኛም ካልቆመ መመለስ አንችልም። ና ያዝ!"

"በዚያ… በግራ በኩል፣ ልጄ፣" አለ ደባልቄ በምስማሮቹ መሐል፤ አንገቱ ተገታትሯል። "ቶሎ… ሊያመልጠኝ ነው!"

"ጓንቴ…"

"አውልቀዋ!"

አወለቀው። የልሳኑን እጅ ከዚያ ቀን በፊት የሠፈሩ ሰው አይቶት አያውቅም። እንደማንኛውም ሰው እጅ ነበር።

"ወደ እኔ!" አለ ደባልቄ። "ትንሽ ወደ ገደሉ! ዘነቡ አትግፊ፣ ያዢ ብቻ! አመሌ ላላ አድርጊ… ላላ… በቃ! እዚያው! ማንም እንዳይነቃነቅ!"

ምሰሶው ጉድጓዱ ውስጥ ዱብ አለ። ዙሪያውን ድንጋይ ጠቀጠቁ፣ ሲሚንቶ አፈሰሱ።

"አሁን ልልቀቅ?" አለ ልሳኑ።

"ሲሚንቶው ሳይዝ? ቀጥ አድርገህ ካልያዝከውማ ያዘምማል። ስላዘመመ ነገር አንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለህ።"

"ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"እንደ ሲሚንቶው ጠባይ ነው። ይሄ ከገደል የወጣ ነው፤ ጠባዩን ገና አላወቅሁትም።"

ፀሐይ ወደ ላይ ወጣች። ጥየቃ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አይደረግም፤ ይህንን ከልሳኑ የተሻለ የሚያውቅ የለም። አንድ ሁለቴ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ፣ በርጩማውን አየ፣ እጁን አየ።

አመለወርቅ ፍርፍር ይዛ መጣች። "ሥራ ላይ ሆኜ አል…" ሊል አፉን ሲከፍት አጎረሰችው።

"ጉርሻ አንድ አይሆንም፣" ብላ ደገመችው።

"እናትህ ደህና ናት?" አለች ዘነቡ ምሰሶውን እንደተደገፈች። "በዚያ በቀጥታው መንገድ ዳር የነበረችው አይደለችም? ካውያ የሞተባት?"

"ደህና ናት፣" አለ ልሳኑ እያኘከ። ቆየና "አሁን ልብሷን በብርድ ልብስ ሥር አጥፋ፣ ተኝታበት ነው የምትተኩሰው፣" አለ።

ማንም አልሳቀበትም። ደባልቄ ብቻ "ገደል ውስጥ ካውያ ሞልቷል፤ አንዱን አስተካክዬ እልክላታለሁ፣" አለ።

ከሰዓት በኋላ ልሳኑ ሳይጠየቅ ይናገር ጀመር። "በዚህ በኩል ያለው ድንጋይ ክፍተት አለው፤ ትንሽ ጠጠር ብትጨምሩበት።" ጨመሩበት። ጥሩ ምክር ነበር። የምሰሶው ማሰሪያ ገመድ ሲያጥርባቸው ደግሞ በጥርሱ ከደረት ኪሱ ቢጫ ጥብጣቡን ጎትቶ አወጣና "ይሄ ጠንካራ ነው፣" አለ።

ፀሐይ ጠለቀች። ሲሚንቶው ያዘ። ለቀቁ፤ ምሰሶው ብቻውን ቆመ። ሁሉም አንገታቸውን አቅንተው አዩት።

የመጀመሪያዎቹን ዲሾች ሲሰቅሉ ዝናብ ጠብ ጠብ አለ። ትልቁ ዲሽ እንደ ከበሮ ጎረነነ፣ ትንንሾቹ እንደ ጽናጽል ተቀበሉት። ልሳኑ ሊሄድ ነበር። አልሄደም፤ በገንዳው ወንበር ላይ ጋደም ብሎ እስኪያባራ ሰማ።

*

ሰኞ ዕለት ሊቀ ጠያቂው ልሳኑን አስጠራው። ሊቀ ጠያቂው የጠያቂዎች ሁሉ አለቃ ነው፤ ጓንቱ እስከ ክርኑ ይደርሳል።

"ሹፌሩን ጠየቅኸው?"

"አልተመቸኝም።"

"ጥብጣቡስ?"

"ምሰሶ ላይ አሰርኩት።"

"ምሰሶው ሞተ?"

"ኧረ ቆመ እንጂ።"

ሊቀ ጠያቂው ትንፋሹን ሳበ። "ሰውዬው ምን እየሠራ ነበር?"

ልሳኑ ከእውነት የማይጨምር የማይቀንስ ሰው ነው። በደንብ አሰበ።

"እኔን ያሠራ ነበር።"

ጥግ ላይ አንዱ ሳል የመሰለ ሳቅ ሳቀ። ሊቀ ጠያቂው ጓንቱን እስከ ክርኑ ሳበ፤ በርጩማውን እንዲያመጡ አዘዘ። የእሱ በርጩማ መደገፊያና መከዳ አለው፤ አራት ጎበዞች ይሸከሙታል። "ራሴ እጠይቀዋለሁ፣" ብሎ ተነሣ። ከኋላው ጠያቂዎቹ፣ ከጠያቂዎቹ ኋላ የገደል ሠራተኞች ተከተሉ። ልሳኑም ጓንቱን ኪሱ ከትቶ ተከተለ። ቀጥ ያለውን መንገድ ሞልተው ወረዱ።

ደባልቄ መሰላል ላይ ሆኖ ከሩቅ አያቸው። ዓይኑን በእጁ ከልሎ ጥቂት ቆየ። ዳሱን ሰው ከታሰበው በላይ ወድዶት ስለጠበበ፣ እሱና አመለወርቅ ጠዋት ለሁለተኛ ምሰሶ ጉድጓድ ቆፍረው፣ የሚያነሣላቸው ሰው እየጠበቁ ነበር።

"አመሌ፣" አለ፣ "ሰው እየመጣልን ነው።"

"ስንት ይሆናሉ?"

"ያ ባለ መከዳው ሰውዬ ብዙ ጉልበት ያለው አይመስልም። ተሸካሚዎቹ ግን ጎበዞች ናቸው።"

"ይበቃሉ?"

"ይተርፋሉ። ሲሚንቶውን አቡኪ።"